የምኩራብ ጎረቤቶቻችን ሲሰጡ፦ የጸዳቃ ሥርዓት እንዴት ነው የሚሠራው?

በመስከረም ወይም በጥቅምት አንድ ምሽት አሜሪካ ውስጥ በአንድ ምኩራብ ደጃፍ ብታልፉ፣ ሰዎች ቡናማ የወረቀት ከረጢት አቅፈው ሲገቡ ልታዩ ትችላላችሁ። ከረጢቱ ውስጥ ሩዝ አለ፣ ፓስታ አለ፣ የታሸገ ባቄላ፣ የኦቾሎኒ ቅቤ። ባዶውን የወሰዱት በአዲስ ዓመታቸው ዕለት ነው። አሥር ቀን ሳያልፍ ሞልተው ይመልሱታል። መግቢያው አጠገብ ካርቶኖች ተደርድረዋል፣ ልጆች እየተሯሯጡ ይለያሉ፤ ቆርቆሮው ወዲህ፣ እሽጉ ወዲያ። ከዚያ ሁሉም ወደ ውስጥ ይገባል፣ ፀሐይ ትጠልቃለች፣ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሃያ አምስት ሰዓት ያህል እህል ውሃ የለም። ዮም ኪፑር ነው፤ የስርየት ቀን።

በማግስቱ ጠዋት የሚነበበው ኢሳይያስ 58 ነው። እኛም በደንብ የምናውቀው፣ «እኔስ የመረጥሁት ጾም ይህ አይደለምን?» የሚለው። «እንጀራህን ለተራበ ትቈርስ ዘንድ» የሚለው ቃል ሲነበብ የሰሚዎቹ ሆድ ባዶ ነው፣ ካርቶኖቹ ደግሞ ሞልተዋል። ይሄ ቅደም ተከተል በጣም ደስ ይለኛል። መጀመሪያ ምግቡ ይመጣል፣ ከዚያ ንባቡ።

ይህን የምጽፈው አንድ ጥያቄ ደጋግሜ ስለምሰማ ነው። ዋሽንግተን ዙሪያ፣ በተለይ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ፣ ብዙ ሐበሻ ከምኩራብ ጋር ጎረቤት ነው። ለአዲስ መጪ ቤተሰብ አልጋና ድስት ይዘው የሚመጡት ሰዎች አንዳንዴ ከምኩራብ ናቸው። ታዲያ ወገኖቻችን ይጠይቃሉ፦ «ለምንድን ነው የሚያደርጉት? ወደ ሃይማኖታቸው ሊስቡን ነው?» አይደለም። አይሁዶች ሌላውን ወደ እምነታቸው ለማስገባት አይሰብኩም፤ እንዲያውም ልግባ ብሎ የመጣውን ሰው መጀመሪያ ተስፋ ማስቆረጥ የቆየ ልማዳቸው ነው። ታዲያ ምንድን ነው ነገሩ? ትንሽ ዘርዘር ላድርገው። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።

ከቃሉ እንጀምር፣ ምክንያቱም ቃሉ የእኛም ዘመድ ነው። በዕብራይስጥ ለተቸገረ መስጠት ጸዳቃ ይባላል። ጸዳቃ፣ ጽድቅ። ሥሩ አንድ ነው። እኛ ነዳያንን ስናበላ «ለጽድቅ ነው» እንላለን፤ ነፍሴን ይጠቅማታል ማለታችን ነው፣ ዓይናችን ወደ ሰማይ ነው። በዕብራይስጡ ቃሉ የሚሸተው ፍርድ ቤት ነው። ጸዳቃ ከፍትሕ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። ለተራበ ሰው ስትሰጥ እሱ ድሮውንም ድርሻ የነበረውን እያስረከብክ ነው፣ ዕዳ እንደ መክፈል። ዕዳ የከፈለ ሰው ደግሞ «አመስግነኝ» አይልም። «ምጽዋት» የምንለው ቃል ራሱ፣ የግዕዝ አጥኚዎች እንደሚሉት፣ ከአይሁድ አራማይክ የመጣ ነው። ሚጽቫ ማለት ትእዛዝ ነው፤ በአራማይክ ተናጋሪዎቹ አይሁዶች ዘንድ ግን «ትእዛዙ» ሲባል ለድሃ መስጠት ማለት እስከ መሆን ደርሶ ነበር።

ይህ ሐሳብ መጀመሪያ የተተከለው እርሻ ላይ ነው። ኦሪት ዘሌዋውያን 19 ላይ የእርሻህን ዳር ፈጽመህ አትጨድ፣ ቃርሚያውንም አትልቀም፣ ለድሃና ለመጻተኛ ተወው ይላል። ሩት በቦዔዝ እርሻ ቃርሚያ ስትለቅም የነበረው በዚህ ሕግ ነው፤ ለምና አልነበረም፣ መብቷ ነበር። በ200 ዓ.ም. አካባቢ የተጠናቀረው ሚሽና የተባለው የሕግ መጽሐፍ ደግሞ ነገሩን እስከ ዘለላው ይዘረዝረዋል። የእርሻው ዳር ከስድሳ አንድ እጅ ማነስ የለበትም። አጫጁ አንድ ወይም ሁለት ዘለላ ከጣለ ለድሃው ነው፣ ሦስት ከሆነ የባለቤቱ ነው። ባለ እርሻው ለአንዱ ድሃ ፈቅዶ ሌላውን ቢከለክል ድሆችን ዘረፈ ይባላል። እስቲ አስቡት፤ እርሻው የእሱ ነው፣ ላቡ የእሱ ነው፣ ያችን ጥግ ግን ለማን እንደሚሰጥ መምረጥ አይችልም።

ከተማ የገባ ሰው እርሻ የለውም። ስለዚህ ሳጥን ተፈጠረ። በየከተማው ኩፓ የሚባል የማኅበረሰብ ሣጥን ነበር፤ በየሳምንቱ ዓርብ ለነዋሪው ድሃ የሳምንቱን ቀለብ ያከፋፍላል። ከሱ ጎን ታምሑይ አለ፤ የዕለት ምግብ፣ ለመንገደኛ ጭምር። ቤቱ ለሁለት ጊዜ የሚበቃ ምግብ ያለው ከዕለቱ አይወስድም፣ ለአሥራ አራት ጊዜ የሚበቃ ያለው ከሳምንቱ አይወስድም። የሚሰበስቡት ከሁለት ሰው ማነስ የለባቸውም፣ የሚያከፋፍሉት ደግሞ ሦስት መሆን አለባቸው፣ ምክንያቱም ማከፋፈል ልክ እንደ ፍርድ ነውና ችሎት ይፈልጋል።

እዚህ ላይ ታልሙድ ውስጥ፣ ማለትም በሚሽና ሰፊ ማብራሪያ ውስጥ፣ ያለች አንዲት ትንሽ ደንብ ትገርመኛለች። የጸዳቃ ሰብሳቢ ገበያ መሐል የወደቀ ሳንቲም ቢያገኝ ወደ ኪሱ አይከተውም። የራሱ ባለ ዕዳ መንገድ ላይ አግኝቶት ብድሩን ቢመልስለትም እንደዚያው። ወደ ድሆቹ ቋት ይጨምረውና ቤቱ ሲደርስ የራሱን ያወጣል። ለምን? አንድ ሰው ከሩቅ ሆኖ አይቶ «የድሃውን ገንዘብ ኪሱ ከተተ» እንዳይል። የማኅበር ገንዘብ ያዥ ሆኖ የሚያውቅ ሰው ይህ ደንብ ምን ያህል የሰውን ባሕርይ እንዳወቀ ይገባዋል።

ግን ገንዘቡን መጠበቅ ቀላሉ ክፍል ነው። ከባዱ የተቀባዩን ፊት መጠበቅ ነው። እኛ «የሰው ፊት እሳት ነው» እንላለን። ታልሙድ ይህንኑ በታሪክ ይነግረናል። ማር ዑቅባ የሚባሉ የባቢሎን ሊቅ ነበሩ። በየቀኑ በአንድ ድሃ ጎረቤታቸው በር መሽከርከሪያ ቀዳዳ አራት ዙዝ፣ የዚያን ዘመን የብር ሳንቲም፣ እየጣሉ ይሄዳሉ። ጎረቤትየው አንድ ቀን ማን ይሆን ብሎ አድፍጦ ጠበቀ። በዚያን ዕለት ማር ዑቅባ አምሽተው ከሚስታቸው ጋር መጡ። በሩ ንቅንቅ ሲል ሁለቱም ሮጡ፣ መደበቂያ ሲያጡ እሳቱ ገና የተጠረገ ምድጃ ውስጥ ገቡ። የባልየው እግር ተቃጠለ፣ የሚስትየው አልተቃጠለም። «እግርህን እግሬ ላይ አድርግ» አለችው። ባልየው ሲከፋ፣ የእሷ ለምን እንደበለጠ ነገረችው፦ እኔ ቤት ነኝ፣ የምሰጠው ደግሞ ወዲያው የሚበላ ነው። ታልሙድ ከዚህ ተነሥቶ የሰውን ፊት በአደባባይ ከማሳፈር እሳት ውስጥ መግባት ይሻላል ይላል።

ይህን ታሪክ የምወደው በሁለት በኩል ስለሚያይ ነው። ተደብቆ መስጠት ትልቅ ነገር ነው፣ ግን ደግሞ በር ላይ ቆማ ትኩስ ዳቦ የምታቀብለዋ ሴት ትበልጣለች። የራበው ሰው አራት ዙዝ ይዞ ገበያ መሄድ፣ መግዛት፣ ማብሰል አለበት። እሷ ያንን ሁሉ አሳጥራለታለች።

ፊት የመጠበቁ ነገር ለቅሶ ቤት ድረስ ይገባል። የጥንቱ ልማድ ይህ ነበር፦ ወደ ሀብታም ለቅሶ ምግብ ሲሄድ በብርና በወርቅ ቅርጫት፣ ወደ ድሃ ለቅሶ ሲሄድ ከቅርንጫፍ በተጠለፈ ቅርጫት። ድሆቹ አፈሩ። ሊቃውንቱም ሁሉም ሰው ለሁሉም ቤት በቅርንጫፍ ቅርጫት ያምጣ ብለው ደነገጉ። የመቅበሪያ ልብስም እንዲሁ ነበር። ወጪው ከሞቱ ይልቅ ለቤተሰቡ ስለከበደ ሬሳ ጥሎ የሚሸሽ ሰው ነበር ይባላል፣ ራባን ገማልያል የሚባሉት ትልቅ መሪ ራሳቸው በተራ የተልባ እግር ልብስ እንዲቀበሩ እስኪያደርጉ ድረስ። እሳቸው እንደዚያ ከተቀበሩ ማን ከእሳቸው በልጦ ይቀበራል? ዛሬም የአይሁድ ከፈን ለሀብታሙም ለድሃውም ያው ነጭ ነው፤ ኪስ የለውም።

እድር የሚያውቅ ሰው ሔቭራ ቃዲሻን ለመረዳት ግማሹን መንገድ ሄዷል። ስሙ «ቅዱስ ማኅበር» ማለት ነው። የምኩራቡ ሰዎች፣ ተራ ሰዎች፣ ሌሊትም ቢሆን ተጠርተው የሞተውን ያጥባሉ፤ ወንዶች ለወንድ፣ ሴቶች ለሴት። ገላውን የሚገልጡት የሚታጠበውን ክፍል ብቻ ነው። በሟቹ ላይ አሻግረው ዕቃ አይቀባበሉም። ወሬ የለም። ሲጨርሱ ሟቹን በስሙ ጠርተው፣ ሳናውቅ ክብርህን ነክተን ከሆነ ይቅር በለን ይላሉ። ይህ ሥራ «የእውነት ቸርነት» ይባላል፣ ምክንያቱም የሞተ ሰው ውለታ አይመልስም። ከቀብር በኋላ ሐዘንተኞቹ ሰባት ቀን ይቀመጣሉ፣ ሺቫ ይሉታል፣ ሰባት ማለት ነው። የመጀመሪያውን ማዕድ ከራሳቸው ጓዳ አይበሉም፤ ጎረቤት እንቁላልና ምስር ይዞ ይመጣል። እኛ ንፍሮ ይዘን እንደምንሄደው።

እንግዲህ ይህ ሁለተኛው ዓይነት ነው፣ ገሚሉት ሐሳዲም ይባላል፤ ቸርነትን ማድረግ። ታልሙድ ከጸዳቃ ይበልጣል ይላል። ጸዳቃ በገንዘብ ብቻ ነው፣ ይሄኛው በገንዘብም በጉልበትም። ጸዳቃ ለድሃ ነው፣ ይሄኛው ለሀብታምም፤ ሚሊየነርም ይታመማል፣ ሆስፒታል ብቻውን ይተኛል። ጸዳቃ በሕይወት ላለ ነው፣ ይሄኛው ለሞተም ይሆናል። ዛሬ ምኩራብ ውስጥ «የማኅበረሰብ አገልግሎት» ተብሎ የምታዩት ብዙው ነገር እዚህ ሥር ነው። ሕመምተኛ የሚጠይቅ ቡድን አለ፣ ለወለደች እናት በተራ እራት የሚያደርስ አለ፣ አዛውንቶችን ሐኪም ቤት የሚያመላልስ አለ። አሥራ ሦስት ዓመት የሞላው ልጅ ኦሪቱ ፊት ሲቆም ከበዓሉ ጋር አንድ የአገልግሎት ሥራ ይሰጠዋል። ከ1985 ጀምሮ ደግሞ ማዞን የሚባል የአሜሪካ አይሁዶች ድርጅት አለ፤ የሠርግና የበዓል ድግስ ወጪያችሁን ሦስት በመቶ ለተራቡ ስጡ ይላል። ከድግሱ ላይ ለሌለው ሰው እንደ መቁረስ ነው።

ይህ ሥርዓት ወረቀት ላይ ብቻ የቀረ ነው እንዳይመስላችሁ። አሮጌው ካይሮ ውስጥ ቤን ዕዝራ የሚባል ምኩራብ አለ። አይሁዶች የእግዚአብሔር ስም ሊኖርበት ይችላል ብለው ያረጀ ጽሑፍ አይጥሉም፤ እዚያም ምዕት ዓመታት ሙሉ አንድ ጓዳ ውስጥ ሲወረውሩት ኖሩ። በ1890ዎቹ መጨረሻ ያ ጓዳ ሲገለበጥ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ቁርጥራጮች ወጡ። ከመሐላቸው የዳቦ ዝርዝሮች አሉ። ማክሰኞና ዓርብ ለድሆች የሚታደል ዳቦ፤ ስም፣ ከጎኑ የዳቦው ብዛት። የእገሌ እናት፣ ዓይነ ስውሩ፣ ከሩቅ አገር የመጣው እንግዳ። የንጉሥ ታሪክ ሳይሆን ማክሰኞ ለት ማን ስንት ዳቦ እንደወሰደ። ሺህ ዓመት ገደማ አልፎ ደርሶልናል።

በዚያው ከተማ የኖሩ አንድ ሰው ናቸው የመስጠትን ደረጃ በስምንት የከፈሉት፣ ሙሴ ማይሞኒደስ፣ አይሁዶች ራምባም የሚሏቸው። በ1204 አርፈዋል። ታችኛው ደረጃ ፊቱን አጨፍግጎ የሚሰጥ ሰው ነው። ከእሱ የሚሻለው ከሚገባው በታች ቢሰጥም በፈገግታ የሚሰጠው። ሲጠየቅ የሚሰጥ፣ ሳይጠየቅ የሚሰጥ፣ እያለ ይወጣል። ላይ ሲቃረብ ሰጪውም ተቀባዩም የማይተዋወቁበት ይመጣል። ስሙን ደብቆ ሚሊዮን ዶላር የሰጠ ሰው የመጨረሻው ላይ የደረሰ ይመስለናል፤ በራምባም ግን ቢበዛ ሁለተኛ ነው። አንደኛው፣ ሊወድቅ ያለውን ሰው ክንዱን መያዝ ነው፤ በብድር፣ አብሮ በመነገድ፣ ሥራ በማግኘት፣ የሰው እጅ እንዳያይ ማድረግ። ለእኔ ይህ የሚገርመው ብድርን ከስጦታ በላይ ማስቀመጡ ነው። ብድር የሰጠኸው ሰው እኩያህ ነው። «ትመልስልኛለህ» ስትለው «ትችላለህ» እያልከው ነው።

ለዚህ ነው የአይሁድ ማኅበረሰብ ባለበት ሁሉ ገማሕ የሚኖረው፤ ያለ ወለድ የሚያበድር ቋት። ኒው ዮርክ ውስጥ ከ1892 ጀምሮ የሚሠራ አለ። ኋላ ገማሕ ከገንዘብ አልፎ ዕቃ ሆነ። እስራኤል ውስጥ የሙሽራ ቀሚስ የሚያውስ አለ፣ የሕፃን አልጋ የሚያውስ አለ፣ ለድግስ ወንበር የሚያውስ አለ። ኢየሩሳሌም ውስጥ በ1976 የተጀመረው ያድ ሳራ ክራንችና ተሽከርካሪ ወንበር፣ የኦክስጅን መሣሪያ ጭምር ያውሳል፤ ለአይሁድም ለአረብም። ሲጨርሱ ይመልሳሉ፣ ለሌላ ይሰጣል።

ገደብም አለው፣ ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። ከገቢህ አሥራት፣ ቢበዛ ከአምስት አንድ፤ ከዚያ በላይ አትስጥ ይላሉ ሊቃውንቱ፣ ነገ አንተው ተረጂ እንዳትሆን። «የከተማህ ድሃ ይቅደም» የሚል ሕግ አለ፤ «አይሁድ ያልሆነውንም ድሃ ከአይሁዱ ድሃ ጋር ትረዳለህ፣ ለሰላም መንገድ ሲባል» የሚልም አለ። ሁለቱን ማስታረቅ ነው የየምኩራቡ ኮሚቴ የዘወትር ራስ ምታት።

አሁን ወደሚከብደኝ ነገር ልምጣ። ሕጉ ከጸዳቃ የሚኖር ድሃም ከተቀበለው ላይ ጸዳቃ መስጠት አለበት ይላል። መጀመሪያ ስሰማው ጭካኔ መሰለኝ። ቆይቶ ገባኝ። ሁልጊዜ ተቀባይ መሆን ሰውን ያጎብጠዋል። መስጠት መቻል ክብር ነው፣ ያንን ከድሃው አትንጠቀው ነው የሚለው። የዚህን ተቃራኒ የቀመሱት ደግሞ የእኛው ሰዎች ናቸው። በጥር 1996 እስራኤል ውስጥ፣ ቤተ እስራኤል የለገሱት ደም በምስጢር ሲወገድ እንደነበረ በጋዜጣ ወጣ። ልጆቻቸው ወታደር ሆነው፣ ተሰልፈው ክንዳቸውን ዘርግተው የሰጡት ደም። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ኢየሩሳሌም ውስጥ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢሮ ፊት ወጡ። የበሽታ ስጋት የሚል ምክንያት ተሰጠ። ግን የሰዎቹን ቁጣ የሚረዳ ያችን የድሃውን ሕግ የሚያውቅ ነው፤ ስጦታህን አልቀበልም መባል ከመራብ በላይ ያማል።

ደግሞም ቤተ እስራኤልና ይህ ሥርዓት የቆየ ታሪክ አላቸው። ጸዳቃ ከሚውልባቸው ጉዳዮች ሁሉ ትልቁ የተማረከን መዋጀት ነው፣ ራምባም ከእሱ የሚበልጥ የለም ይላሉ። እሳቸው ራሳቸው በ1160ዎቹ መጨረሻ የመስቀል ጦረኞች ቢልቤስ የምትባል የግብፅ ከተማ ላይ ማርከው ለወሰዷቸው አይሁዶች ገንዘብ እንዲሰበሰብ ደብዳቤ ጽፈዋል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ፣ እዚያው ግብፅ፣ ከኢትዮጵያ በጦርነት ተማርካ የመጣች ሴት ጉዳይ ራቢ ዳዊት ኢብን አቢ ዚምራ ዘንድ ቀረበ። እሳቸውም እነዚህ ከዳን ነገድ የሆኑ አይሁዶች ናቸው፣ መዋጀትም ግዴታ ነው ብለው ፈረዱ። ያ ፍርድ ወረቀት ላይ ተኝቶ ቆየ። በ1973 የእስራኤሉ ዋና ራቢ ዖቫድያ ዮሴፍ ቤተ እስራኤል አይሁድ ናቸው ሲሉ የተደገፉት በእሱ ላይ ነው። በግንቦት 1991 ደግሞ በ36 ሰዓት ገደማ ከ14 ሺህ በላይ ቤተ እስራኤል ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ሲወጣ፣ ለኢትዮጵያ መንግሥት የተከፈለው 35 ሚሊዮን ዶላር ከአሜሪካ አይሁዶች የተሰበሰበ ነበር። ከአንዲት የተማረከች ሴት ጉዳይ የተነሣ ነገር እዚያ ደረሰ።

እስካሁን ያወራሁት ስለ መስጠት ነው። አሜሪካ ምኩራብ ስትገቡ ግን «ሶሻል አክሽን ኮሚቴ» የሚል ትሰማላችሁ፤ ይህ ሌላ ነገር ነው። አገልግሎት ዛሬ የራበውን ዛሬ ማብላት ነው። ሶሻል አክሽን ደግሞ «ይህ ሰው ሙሉ ቀን እየሠራ ለምን ራበው?» ብሎ ሕግ አውጪው ፊት መቆም ነው። በዚህ የገፉት በተለይ ሪፎርም የሚባሉት፣ የለዘብተኛው ክንፍ ምኩራቦች ናቸው። በ1961 ዋሽንግተን ላይ ለዚሁ ሥራ ማዕከል ከፈቱ። የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግና የ1965ቱ የምርጫ መብት ሕግ ከፊል ረቂቃቸው የተጻፈው እዚያ ማዕከል የስብሰባ ጠረጴዛ ላይ ነው። በነሐሴ 1963 በዋሽንግተኑ ታላቅ ሰልፍ ከማርቲን ሉተር ኪንግ ቀድመው የተናገሩት ራቢ ዮአኪም ፕሪንዝ ናቸው፤ ናዚዎች ከበርሊን ያባረሯቸው ሰው። በሂትለር ዘመን ትልቁ ችግር ጥላቻው ሳይሆን ዝምታው ነበር አሉ። በመጋቢት 1965 ራቢ አብርሃም ዮሹዋ ሔሼል በሴልማ ከኪንግ ጋር ሲራመዱ እግሮቼ የሚጸልዩ መሰለኝ ብለዋል።

ለዚህ ሁሉ የሚሰጠው ስም ቲኩን ዖላም ነው። ዖላም ያው ዓለም ነው፣ ቲኩን ማቃናት። ዓለምን ማቃናት። በዚህ ስም ላይ ምኩራብ ውስጥ ከባድ ክርክር አለ፣ ክርክሩም ባዶ አይደለም። በሚሽና ቲኩን ዖላም ጠባብ የሕግ ቃል ነበር። ለምሳሌ ምርኮኛን ከዋጋው በላይ አትዋጁ፣ ለዓለም መቃናት ሲባል፣ ይላል፤ ማራኪዎቹ እንዳይለምዱ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ጽፋት በምትባል የገሊላ ከተማ የነበሩ ምሥጢራውያን በጸሎት የሚደረግ የሰማይ ጥገና አደረጉት። የፖለቲካና የማኅበራዊ ፍትሕ መጠሪያ የሆነው በ20ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ ውስጥ ነው። ስለዚህ አንዳንዶች «የእኛን ፖለቲካ ጥንታዊ ልብስ አለበስነው» ይላሉ። ሌሎች «እርሻው ዳር ድርሻ ያስቀመጠ ሕግ ድሮውንም ፖለቲካ ነበር» ብለው ይመልሳሉ። እኔ ወደ ሁለተኞቹ አደላለሁ። ግን ደግሞ ሰልፍ ወጥቶ የጎረቤቱን ሺቫ የማይሄድ ሰው አይቻለሁ፤ የመጀመሪያዎቹ የሚፈሩት እሱን ነው።

በዓመት አንድ ቀን ቲሸርት ለብሶ ሾርባ ቀድቶ ፎቶ ተነሥቶ መሄድም አለ። የሾርባ ቤቱ ሰዎች የሚሹት በየካቲት ዝናብ ረቡዕ ለት የሚመጣውን ሰው ነው። ጥሩዎቹ ኮሚቴዎች ይህን ስለሚያውቁ አንድ ቦታ መርጠው ዓመታት እዚያው ይቆያሉ። በድብቅ የሚሠራም አለ። ብዙ ምኩራብ ውስጥ ራቢው በራሳቸው ፍርድ የሚያወጡት ትንሽ ሒሳብ አለ። ኪራይ ያነሰው አባል ለራቢው ብቻ ይነግራል፣ ቼክ ይጻፋል፣ ኮሚቴው ስሙን አይሰማም። ማር ዑቅባ በሩ ላይ ናቸው ማለት ነው።

ስደተኛን በተመለከተ ዋናው ድርጅት ሂያስ ይባላል። ከመቶ ዓመት በፊት ከሩሲያ የሚሸሹ አይሁዶችን ለመቀበል ኒው ዮርክ ላይ ተጀመረ፤ ዛሬ ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚያው ሐበሻ በሚበዛበት ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፣ የሚረዳቸውም ብዙዎቹ አይሁድ አይደሉም። ለዚህ የተከፈለው ዋጋ ትንሽ አይደለም። በጥቅምት 2018 ፒትስበርግ ውስጥ አንድ ሰው ቅዳሜ ጠዋት ትሪ ኦፍ ላይፍ ምኩራብ ገብቶ 11 ሰዎች ገደለ። ከመግባቱ በፊት የጻፈው ስለ ሂያስ ነበር፤ ስደተኛ ታስገባላችሁ ብሎ። በዚያው ሕንፃ ከሚጸልዩት አንዱ ጉባኤ ከሳምንት በፊት ስለ ስደተኞች የሚታሰብበትን ሰንበት አክብሮ ነበር።

እንግዲህ አንድ ቀን ልታግዙ ወይም እርዳታ ልትጠይቁ ምኩራብ ብትሄዱ፣ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ሂዱ። ዓርብ ከሰዓት ለሰንበት ይዘጋጃሉ፣ ቅዳሜ በብዙዎቹ ዘንድ ገንዘብ አይነካም፣ አይጻፍምም። ምግብ ይዛችሁ ከሆነ በቤት የተሠራውን ተዉትና የኮሸር፣ ማለትም በአይሁድ ሕግ የተፈቀደ ምግብ፣ ምልክት ያለበትን የታሸገ ነገር ውሰዱ፤ ምልክቱ ካልታያችሁ ፍራፍሬ አያሳፍርም። በር ላይ ጠባቂ ቆሞ ሻንጣችሁን ይፈትሻል። ቅር አይበላችሁ፣ ከፒትስበርግ ወዲህ ሁሉንም ሰው ይፈትሻል። ከዚያ ቢሮው በቀኝም ይሁን በግራ፣ «ሶሻል አክሽን የሚመራው ማነው?» በሉ። ስም ይሰጧችኋል፣ ምናልባት ወረቀት ላይ የሚሞላ ተራም ይኖራል፤ የካቲት ላይ ባዶ የሆነውን ረቡዕ ያዙ።